ሙያ በሥራ ይመዘናል
(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ብዙዎቻችሁ «ሲኦሲ» እያላችሁ ስለምትጠሩት የሙያ ብቃት ምዘና ነው። ስሙ ሲነሳ የምትፈሩ እንዳላችሁ እናውቃለን። እኛ በሂሳብ ሙያ የምንመዝን ሰዎች ከጠረጴዛው ማዶ ሆነን የምናየውን ብንነግራችሁ ፍርሃቱ ይቀላል ብለን አሰብን።

ምዘና እንደ ትምህርት ቤት ፈተና አይደለም። ትምህርት ቤት 60 አመጣሽ፣ 80 አመጣሽ ይባላል፤ ደረጃም ይወጣል። እዚህ ውጤቱ ሁለት ብቻ ነው፤ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነች»። «ገና» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ፤ የጎደለሽን ሞልተሽ ተመለሽ ማለት ናት። ተመዛኟም የምትለካው ለሙያው በወጣው ደረጃ እንጂ አጠገቧ በተቀመጠችው አይደለም።

ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። በእኛ ሙያ ለምሳሌ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር አዘጋጂ ትባላለች። ድምሩ ልክ መሆኑ ብቻ አይበቃንም። ለጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ መሆኑን ለይታ ታውቃለች? 11ዱንም ከሠራተኛው ላይ ከቀነሰች፣ መደመሩ ቢያምርም ሠራተኛው ተበድሏል። ስለዚህ «ይህን ለምን እንዲህ አደረግሽው?» ብለን እንጠይቃለን። ምክንያቱን ካስረዳች ሥራው የራሷ መሆኑ ይታወቃል።

ለመዛኝ ከባዱ ነገር ይሉኝታ ነው። አንዷ ልጅ አዝላ ትመጣለች፤ ሌላዋ ለምዘናው ክፍያ ተበድራ መምጣቷን ትነግረናለች። አንጀታችን ይላወሳል። ነገር ግን አዝነን ብናሳልፋት፣ ነገ ሥራው ሲያቅታት ቀጣሪው የሚያጣጥለው እሷን ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱንም ጭምር ነው። ያን ጊዜ በላባቸው ያገኙት ሁሉ ይጎዳሉ።

የተገላቢጦሹም አለ። ሥራውን እየቻሉ ወረቀቱ የሚያደናግራቸው ብዙ ናቸው። በእኛ ሙያ ጥያቄው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ለዓመታት የሱቅ ሂሳብ የያዘች ሴት «ባንክ ሪኮንሲሊየሽን» የሚል ስታይ ትደነግጣለች። የባንኩን መግለጫ ከራሷ መዝገብ ጋር ማስታረቅ ግን በየወሩ የምትሠራው ነው። እንዲህ ያለችው ሴት ሥራ ሳይሆን ስም ነው የጎደላት።

የሀገራችን የሙያ ሥልጠና አሠራር ሙያውን በሥራ ላይ ሆኖ የተማረም ሰው እንዲመዘን በር ከፍቷል። ስለዚህ «ኮሌጅ አልገባሁም» ብላችሁ አትቅሩ። ወደ ዓረብ ሀገር ለሥራ ለሚሄዱ እህቶቻችንም ጉዳዩ ቅርብ ነው፤ የውጭ ሀገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የሙያ ብቃት ማረጋገጫን ጠይቋል።

ከእናንተ ከአባላት የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት ለሙያችሁ የወጣውን ደረጃ ጠይቃችሁ እያንዳንዱን ተግባር «ይህን እሠራለሁ፣ ይህን አልሞከርኩትም» እያላችሁ ለዩት። ከዚያም በቁጠባ ቀናችን ሁለት ሁለት ሆናችሁ የሥራ ስሞቹን በእንግሊዝኛም በአማርኛም ተጠያየቁ፤ እየሠራችሁም የምትሠሩትን ጮክ ብላችሁ አስረዱ።

አጋሮቻችን፣ ሥልጠናውን ከፍላችሁ ምዘናው ደጃፍ ላይ አትተዉን። የምዘናው ክፍያ፣ የመለማመጃው ዕቃ፣ «ገና» ለተባለችው የሁለተኛው ዙር ወጪ ከሥልጠናው ጋር አብሮ ይታሰብ። በሪፖርታችንም ስንት ሰለጠኑ ብቻ ሳይሆን ስንት ብቁ ሆኑ፣ ስንትስ ተመልሰው አለፉ ብላችሁ ጠይቁን። መልሱን በቁጥር ለማቅረብ ዝግጁ ነን።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይባላል። ሠሪዎቹ እናንተ ናችሁ፤ ቀርባችሁ አሳዩን።