መለዋወጫና ንድፍ መዋዋስ፦ በተማሪዎች የሮቦት ውድድር ፍትሕ የሚጓደለው የት ላይ ነው?



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ በተማሪዎች የሮቦት ውድድር ደጋግሞ የሚያከራክር ነው። ሁለት ቡድኖች አንድ ዓይነት መያዣ ክንድ የተገጠመላቸው ሮቦቶች ይዘው ቢቀርቡ፣ ወይም አንዱ ከሌላው በተዋሰው ሞተር ቢያሸንፍ፣ ውድድሩ ፍትሐዊ ነው ማለት ይቻላልን? ብዙዎች ፈጥነው የሚሰጡት መልስ «እያንዳንዱ በራሱ ይሥራ፤ መዋዋስ ይከልከል» የሚል ነው። የእኔ ክርክር ግን ክልከላው ራሱ አድልዎ ሊሆን ይችላል፤ ፍትሕ የሚጓደለው መዋዋሱ ስውር ሲሆንና ለጥቂቶች ብቻ ሲፈቀድ ነው የሚል ነው።

በቅድሚያ ከዕቃው እንጀምር። ኢትዮጵያም የተሳተፈችበት ፈርስት ግሎባል የተባለው ዓለም አቀፍ የወጣቶች ውድድር እ.ኤ.አ. በ2017 በዋሽንግተን ዲሲ ሲጀመር፣ ለየአገሩ ቡድን አንድ ዓይነት የመለዋወጫ ሣጥን ተልኮ ነበር። የባለጸጋ አገር ልጅና የድኃ አገር ልጅ በእኩል ዕቃ እንዲወዳደሩ የታሰበ ነው። ሆኖም ለአፍጋኒስታን ልጃገረዶች የተላከው ሣጥን በጉምሩክ በመያዙ፣ ሌሎች በወራት የሠሩትን እነርሱ በሳምንታት ለመሥራት ተገደዱ። ዕቃው እኩል ነበር፤ ጊዜው ግን እኩል አልነበረም።

ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ሶፊያ የተባለችው ዝነኛ ሮቦት ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ፣ የአካሏን ክፍሎች የያዘው ሻንጣ በፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ጠፍቶ ሳትሟላ መድረሷን እናስታውሳለን። ስመ ጥሯ ሮቦት እንዲህ ከሆነች፣ በውድድሩ ዋዜማ ብቸኛ ሴንሰሩ የተቃጠለበት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ምን ያድርግ? ምትኩን ከውጭ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ፣ ጊዜና የጉምሩክ ሂደት ያስፈልገዋል። መዋስ ከተከለከለ፣ በመደርደሪያው ትርፍ ዕቃ ያለው ቡድን ይቀጥላል፤ አንድ ብቻ የነበረው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ደንቡ ለሁለቱም አንድ ነው፤ የሚቀጣው ግን አንዱን ብቻ ነው።

በስታዲየም አካባቢ ተሰብስበን ስለ ውድድር ስንነጋገር ከአትሌቲክሱ ብንማር አግባብ ነው። ወፍራም ሶል ያላቸው የሩጫ ጫማዎች ክብረ ወሰኖችን መስበር ሲጀምሩ፣ የዓለም አትሌቲክስ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ባወጣው ደንብ የጎዳና ሩጫ ጫማ ሶል ከ40 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ከዚህም ጋር ጫማው ከውድድሩ በፊት ለ4 ወራት ማንም አትሌት ሊገዛው በሚችልበት ገበያ መዋል እንዳለበት ደነገገ። ደንቡ በኋላ ማሻሻያ ቢደረግበትም መሠረተ አሳቡ ትኩረት የሚገባው ነው፤ «ሁሉም በራሱ ጫማ ይስፋ» አላለም፤ «ለአንዱ የተገኘው ለሌላውም ይገኝ» አለ። ደንብ ሲወጣም ይከበራል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በቪየና ማራቶን አንደኛ የገባው የአገራችን ሯጭ ደራራ ሁሪሳ፣ የጫማው ሶል ከተፈቀደው በ1 ሴንቲሜትር በመብለጡ ውጤቱ ተሰርዞበታል።

ከዕቃ ይልቅ የሚከብደው የንድፍ ጉዳይ ነው። «ንድፍ መቅዳት ፈጠራን ይገድላል» የሚለው ስጋት ተገቢ ስጋት ነው። ይሁን እንጂ በቅኔ ቤታችን ለዚህ የቆየ መልስ አለ። ግሡንና አገባቡን ሁሉም ተማሪ ከአንድ መምህር ይማራል፤ የሌላውንም ቅኔ ሰምቶ ስልቱን ያጠናል። መምህሩ ፊት ሲቀርብ ግን የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ መምጣት አለበት። መሣሪያው የጋራ ነው፤ ሥራው የግል ነው። በሮቦት እግር ኳስ ውድድር በሮቦካፕም ተመሳሳይ ልማድ አለ። ቢ-ሂውማን የተባለው የጀርመን ብሬመን ቡድን የሮቦቶቹን ፕሮግራም ለዓለም ይፋ ሲያደርግ ቆይቷል፤ ሌሎች ቡድኖችም በዚያ ላይ ተመሥርተው ይሠራሉ፤ እርሱ ግን ማሸነፉን አላቆመም።

እንግዲህ ነቀፌታው የሚገባው ለየትኛው መዋዋስ ነው? አንድ አሠልጣኝ የሚመራቸው ሁለት ቡድኖች በድብቅ አንድ ሮቦት ሁለት ጊዜ ሠርተው ቢቀርቡ፣ ያ አድልዎ ነው። ተማሪው ለምን እንደሚሠራ የማያውቀውን ክፍል ገጥሞ ቢያሸንፍም፣ ሽልማቱ የእርሱ አይደለም። ገበሬዎቻችን አንድ አንድ በሬ ሲኖራቸው በመቀናጆ ያርሳሉ፤ ነገር ግን በሬዎቹ ከመጠመዳቸው በፊት የማን ማሳ መቼ እንደሚታረስ በግልጽ ይስማማሉ። መቀናጆን የሚያጸናው ይህ አስቀድሞ የሚደረግ ስምምነት ነው።

ስለዚህ ለውድድር አዘጋጆች ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቡድን የተዋሰውን ዕቃና ንድፍ ከነባለቤቱ ስም በጽሑፍ ያስመዝግብ። ሁለተኛ፣ ንድፍ ለሌላ ቡድን የሚሰጥ ከሆነ ከተወሰነ ቀን በፊት ለሁሉም ይፋ ይሁን፤ በውድድሩ ሥፍራም ተቆጣጣሪ ያለበት የጋራ የመለዋወጫ ጠረጴዛ ይኑር። ሦስተኛ፣ ዳኞች ተማሪዎቹ የተዋሱትን ክፍል ፈትተው እንዲገጥሙና አሠራሩን እንዲያስረዱ ይጠይቁ።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ይቀራል። ሌሊቱን ሙሉ የደከመች ተማሪ ሥራዋን ሰጥታ፣ በሰጠችው ሰው ብትሸነፍስ? ይህ ሊሆን ይችላል፤ ሽንፈቱም ያማል። ለዚህም ነው መስጠት በግዴታ መሆን የለበትም የምለው፤ የሰጠ ሲገኝም ስሙ በመድረክ ይጠራ፤ በዳኝነት ነጥብም ይታሰብለት። በፈርስት ውድድሮች ቡድኖች በጥምረት ስለሚጫወቱ፣ በአንዱ ጨዋታ ተቃራኒ የነበረው በሚቀጥለው አጋር ይሆናል። የምህንድስና ሕይወትም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ዛሬ የምትወዳደሩት ነገ አንድ ግድብ፣ አንድ ሆስፒታል፣ አንድ የባቡር መስመር አብራችሁ ትሠራላችሁ። ያን ጊዜ የምንፈልጋችሁ የሌላውን ሥራ በስሙ ጠርታችሁ በላዩ የራሳችሁን የምትጨምሩ ባለሙያዎች ሆናችሁ ነው።