ጠብታውና ገንዳው

ዛሬ ስለ ንግግር ሕክምና፣ ማለትም ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ ስለ መታከም፣ እናወጋለን። ከላሊበላ ወጣ ብሎ ያለውን የነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን የተሳለመ ያውቀዋል፤ ከዋሻው ጣሪያ ጠበል ጠብ ጠብ ይላል፣ ከሥር የድንጋይ ገንዳዎች ይቀበሉታል። እንግዲህ አንዱን ገንዳ ክንድ ያህል ፈቀቅ ብናደርገውስ? ደርቆ ይቀራል። ውኃው አልነጠፈም፤ ገንዳውም አልተሰነጠቀም። አልተገናኙም እንጂ።

የንግግር ሕክምናም አንዳንዴ እንዲህ ነው። ባለሙያው አዋቂ ነው፣ ታካሚውም መዳን ይፈልጋል፤ መተማመን ግን የለም። ታዲያ «እኔ አልድንም» ብሎ መቅረት ለምን? የንስሐ አባት እንኳ ይቀየር የለ! በርግጥ ገንዳ በአንድ ጠብታ አይሞላም፤ ጥቂት መመላለስ ያሻል። ከዚያም ካልሆነ፣ «እየረዳኝ አይደለም» ብሎ ለባለሙያው መንገር ነው። ደኅና ባለሙያ አይቀየምም፤ ወይ አካሄዱን ይለውጣል፣ ወይ ወደ ሌላ ይልካል።