ቁጠባና አደራ፦ ልጆች ገንዘብ መያዝን ከማን ይማራሉ?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



በኢኮኖሚክስ መማሪያ መጻሕፍት ቁጠባ ማለት ከገቢ ላይ ፍጆታ ሲቀነስ የሚቀረው ገንዘብ ነው። ይህ ብያኔ ለአገር ሒሳብ ያገለግላል። ወደ አንድ ቤት ስናወርደው ግን ይቸግራል፤ በደመወዝ በሚተዳደር ቤት ውስጥ በወሩ መጨረሻ በራሱ ተርፎ የሚገኝ ገንዘብ እምብዛም የለምና። የሚቆጥቡ ቤተሰቦች ገንዘቡን የሚለዩት በወሩ መጀመሪያ፣ ገና ቀለብ ሳይሸመት ነው። ስለዚህ በቤት ደረጃ ቁጠባን አስቀድሞ የሚገባ ቃል ብንለው ወደ እውነቱ እንቀርባለን። ዛሬ የማነሣው ጥያቄም ከዚህ ይመነጫል። ልጆች እንዲህ ያለውን ቃል መግባትንና መጠበቅን ከማን ይማራሉ? መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ልጅ ቁጠባን የሚማረው ገንዘቡን ተቀብለው የሚያስቀምጡለትን ታላላቆች ታማኝ ሆነው ሲያገኛቸው ነው። ምክሩም የገንዘብ ሣጥኑም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዋልተር ሚሼል በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያካሄደው ሙከራ ነው። ለአንድ ሕፃን ጣፋጭ ይቀርብለታል፤ አሁኑኑ ከበላው አንድ ብቻ፣ መርማሪው እስኪመለስ ከታገሠ ግን ሁለት እንደሚያገኝ ይነገረዋል። ከዓመታት በኋላ በተደረገ ክትትል የታገሡት ልጆች በትምህርታቸው የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ከዚህም የተነሣ ትዕግሥት የልጁ የግል ጠባይ ነው፣ የወደፊት ዕድሉንም ይወስናል የሚል አስተሳሰብ በሰፊው ተሰራጨ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና ብዙ ልጆችን ያካተተ ጥናት ግን፣ የቤተሰቡ የኑሮ ሁኔታና የልጁ የቀደመ ችሎታ ከግምት ሲገቡ ይህ ግንኙነት እጅግ እንደሚላላ አሳይቷል።

ለርእሳችን ይበልጥ የሚጠቅመን ሴለስት ኪድና የሥራ ባልደረቦቿ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት ነው። 28 ሕፃናት በሁለት ተከፈሉ። ለሁሉም የተሻለ የሥዕል መሥሪያ እንደሚመጣላቸው ቃል ተገባላቸው። ለግማሾቹ ቃሉ ተፈጸመ፤ የቀሩት ግን ዕቃው እንደሌለ ተነገራቸው። ከዚያ ያው የጣፋጩ ሙከራ ቀረበ። ቃል የተጠበቀላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ሲታገሡ፣ ቃል የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ቆዩ። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ መልእክቱ ግን ግልጽ ነው። ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ፊት የተቀመጠ ልጅ ያገኘውን ወዲያው ቢበላ ማስተዋል ጎደለው አያሰኝም። የሚያደርገው ነገር ካየው ጋር የተስማማ ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንመለስ። ልጆቻችን በዓመቱ ውስጥ በተለያየ አጋጣሚ ገንዘብ ያገኛሉ። ወንዶቹ በቡሄ ሆያ ሆዬ ብለው፣ ሴቶቹ በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ብለው ያገኙትን ይካፈላሉ፤ በዒድ ዘመድ ይሰጣቸዋል፤ ከሩቅ የመጣ አጎት ወይም አክስት በእጃቸው ያስጨብጣቸዋል። ብዙውን ጊዜ ታዲያ ገንዘቡ ወዲያው ወደ ወላጅ እጅ ይገባል። «እኔ ጋ ይቀመጥልህ» እንላለን። ከዚያም ዘይት ያልቃል፣ የመብራት ክፍያ ይደርሳል፣ ገንዘቡም ይሄዳል። ከሳምንታት በኋላ ልጁ «እማዬ፣ ገንዘቤስ?» ሲል «የበላኸው ምን ሆነና!» የሚል መልስ ያገኛል።

ይህን የምለው ወላጅን ለመውቀስ አይደለም። የቤቱ ችግር እውነተኛ ነው፤ ዘይቱንም ልጁ በልቶታል። ነገር ግን ልጁ የሰጠው ገንዘብ በባህላችን ስም አለው፤ አደራ ይባላል። ጎረቤት ያስቀመጠብንን አደራ በዘይት ብንለውጠው ምን እንደምንባል እናውቃለን። ልጁም ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት ቀላል ነው፤ የተቀመጠ ገንዘብ የጠፋ ገንዘብ ነው፣ በእጅ የያዙትን ቶሎ መጨረስ ይሻላል። በሚቀጥለው ዓመት ያገኘውን ደብቆ በአንድ ቀን ከረሜላ ሲገዛበት አባካኝ እንለዋለን፤ እርሱ ግን ያስተማርነውን በትክክል ተምሯል።

አዋቂዎች በዚህ ረገድ ምን እንደሚያስፈልጋቸው እቁብ በሚገባ ያሳየናል። 12 ሰዎች በየወሩ 2,000 ብር ቢጥሉ እጣ የደረሰው 24,000 ብር ይወስዳል። በመጀመሪያው ወር የደረሰው ያለ ወለድ የተበደረ ነው፤ በመጨረሻው ወር የሚደርሰው ያለ ወለድ ያበደረ ነው። ይህ ሁሉ የሚጸናው ዳኛና ጸሐፊ ስላለ፣ ቀድሞ የሚወስደውም ዋስ ስለሚጠራ ነው። አዋቂ ሰው እንኳ ያለ መዝገብና ያለ ዋስ ገንዘቡን አያስቀምጥም። ከሰባት ዓመት ልጅ ግን ያለ መዝገብና ያለ ዋስ እንዲያምነን እንጠብቃለን።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ዘወትር የሚያነሡት ብርቱ ተቃውሞ አለ። ወላጅ ቃሉን ቢጠብቅ እንኳ ገንዘቡ ራሱ ቃሉን አይጠብቅም ይላሉ። እውነት አላቸው። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የቁጠባ ዝቅተኛው የወለድ ምጣኔ በዓመት 7 በመቶ ሆኖ ሳለ፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ስሌቱን በ30 በመቶ እንሥራው። ባንክ የገባ 1,000 ብር በዓመቱ 1,070 ብር ይሆናል፤ በ1,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 1,300 ብር ይጠይቃል። ቆጣቢው መግዛት የሚችለው ከቀድሞው 82 በመቶ ያህሉን ነው። በቤት ሣጥን ያስቀመጠው ደግሞ 77 በመቶ ያህሉን ብቻ።

ይህ ስሌት ቁጠባን ከማስተማር አያግደንም፤ የምናስተምረውን ግን ይለውጣል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለን ብቻ ልጁን ለዓመታት ሳንቲም እንዲያጠራቅም ማድረግ ሐቀኝነት ይጎድለዋል። ለልጅ የሚስማማው ዓላማው የታወቀና ጊዜው አጭር የሆነ ቁጠባ ነው፤ ለምሳሌ ከፋሲካ እስከ መስከረም ለትምህርት ቤት ቦርሳ። ቤተሰቡም ይህንኑ ያደርጋል። ጤፍ በአዝመራ ወቅት የሚሸምት ቤት፣ ዋጋው ሳይወደድ በፊት ገንዘቡን ወደሚያስፈልገው ነገር እየለወጠ ነው። ልጁ የዚህን ምክንያት ቢሰማ ስለ ግሽበት ከብዙ መጻሕፍት የተሻለ ትምህርት ያገኛል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሦስት ነገሮችን ላቅርብ።

አንደኛ፣ የቤቱን ገንዘብ በግልጽ እንያዝ። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ በጥረት የሚገኝ ገቢ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት መሆኑንና በጋራ መተዳደር እንዳለበት ይደነግጋል። ደመወዙ ለቤት ኪራይ፣ ለቀለብ፣ ለእድርና ለእቁብ ሲከፋፈል ልጁ አጠገብ ቢቀመጥ፣ «የለም» የሚለው መልስ ከክፋት እንዳልመጣ በዓይኑ ያያል።

ሁለተኛ፣ ለልጁ ገንዘብ መዝገብ ይኑር። አንድ ደብተር ይበቃል፤ የገባው፣ የወጣው፣ ቀኑ። ቤቱ ሲቸግረው ከዚያ መውሰድ ነውር የለውም፤ ነገር ግን ብድር ይባል፣ ይጻፍ፣ ደመወዝ ሲደርስ በልጁ ፊት ይመለስ። ብድር ሲመለስ ያየ ልጅ ስለ ገንዘብ ሊማር ከሚችለው ዋናውን ተምሯል። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ በወላጅ ወይም በሞግዚት አማካይነት የባንክ ሒሳብ ሲከፈትም ደብተሩን ለልጁ ማሳየት አይዘንጋ።

ሦስተኛ፣ ልጁ ያጠራቀመውን ራሱ ያውጣው። እኛ የማንወደውን ነገር ቢገዛም እንታገሠው። በራሱ ገንዘብ የማያዝ ሰው ቆጣቢ ሊባል አይችልም፤ የሌላውን ገንዘብ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው።

«የሚቆጠብ በሌለበት ቤትስ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በቀን ሥራ የሚተዳደር ቤተሰብ ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ ላይችል ይችላል፤ በዚህም ሊወቀስ አይገባም። ለአምስት ብር የተገባ ቃል ግን ለአምስት ሺህ ብር ከተገባው አያንስም። እንዲያውም ኑሮው ባልተረጋጋ ቤት የሚያድግ ልጅ ለማመን የሚያስችል አጋጣሚ የሚያገኘው በጥቂቱ ነውና፣ እያንዳንዱ የተጠበቀ ቃል ለእርሱ ይበልጥ ዋጋ አለው።

ለተመራማሪ ባልደረቦቼም አንድ የቤት ሥራ ልተው። ሕዝቡ የቁጠባ ባህል የለውም የሚለው አባባል በየስብሰባው ይደጋገማል። ይህን ከማለታችን በፊት ቆጣቢው ላስቀመጠው ገንዘብ ምን እንደተመለሰለት እንጠይቅ። ዓመቱን ሙሉ ታግሦ 82 በመቶውን የተቀበለ አዋቂ፣ የሥዕል መሥሪያ ይመጣልሃል ተብሎ ከቀረበት ሕፃን በምን ይለያል? በሳጥን ፋንታ ጤፍ፣ ቆርቆሮ ወይም በግ የሚገዛው ሰው ባህል ጎድሎት ነው ወይስ የገባውን ቃል የሚጠብቅለት አጥቶ? አደራ ጥብቅ ነው ሲባል የሚታሰረው ተቀባዩ ነው፤ ይህ ለወላጅም፣ ለባንክም፣ ፖሊሲ ለሚያወጣውም ይሠራል።