ከደንቢያ እስከ ኦሃዮ፦ አካባቢን ስለ መማር
(በምሩቃን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)

አስተባባሪዎቹ «ስለ ሙያሽ ትንሽ በይ» ብለውኝ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና የማወራው ስለ ሌላ ሰው ትምህርት ነው።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደወለችና «ያቺ ልጅ ሕክምና አልማርም ብላለች። አካባቢ ነው የማጠናው ትላለች። አካባቢ ደግሞ ምኑ ይጠናል? አንቺ ሐኪም ነሽ፣ ምከሪያት» አለችኝ። ለስብሰባ ወደዚያ የምሄድበት አጋጣሚ ነበረና ልመክር ሄድኩ።

ልጅቷ የምትማረው ኦበርሊን ኮሌጅ ነው። ትንሽ ከተማ፣ ትንሽ ኮሌጅ። ሊበራል አርትስ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ተማሪው ሳይንሱንም፣ ታሪኩንም፣ ፍልስፍናውንም ቀምሶ ዋና ትምህርቱን የሚመርጠው ሁለተኛ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነጭ ጋዋን ስናልም ለነበርነው ይህ ትንሽ ይከብደናል።

መጀመሪያ ያሳየችኝ ሽንት ቤት ነው። አትሳቁ! በ2000 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የአካባቢ ጥናት ሕንጻ አላቸው። ከሽንት ቤቱ የሚወጣው ፍሳሽ በየጋኑ እየተላለፈ በመስታወት ቤት ውስጥ በተተከሉ ዕፅዋት መካከል ያልፋል። ተሕዋስያኑና የዕፅዋቱ ሥር ቆሻሻውን ያጣሩታል፤ ውኃው ተመልሶ ያንኑ ሽንት ቤት ለማጠብ ይውላል። ትምህርቱም የሚሰጠው እዚያው ሕንጻ ውስጥ ነው።

እዚያ ቆሜ ትዝ ያለኝ የቡድን ሥልጠናችን ነው፤ ቲቲፒ የምንለው። እኔ የወጣሁበት ጤና ጣቢያ አንዲት እናት አንድ ሕፃን በተቅማጥ ሦስት ጊዜ አመጣችልኝ። ሦስቱንም ጊዜ ስንቴ እንዳስቀመጠው፣ እንዳስታወከው፣ እንዳተኮሰው ጠየቅኩ፣ ኦ.አር.ኤስ ሰጠሁ፣ ሸኘሁ። አብሮን አንድ የአካባቢ ጤና ተማሪ ነበር። «የሽንት ቤቱ ኢንጂነር» ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን በር ላይ አገኛትና «እትዬ፣ ውኃ ከየት ነው የሚቀዱት?» አላት። አብሯት ሄደ። የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ምንጩን ከብትና ሰው አብረው ይጠጡታል፤ ከበላዩ ሜዳ ላይ ይጸዳዱበታል። በመንገድ ላይ ሴትዮዋ አንዲት ልጅ በዚሁ በሽታ ቀደም ሲል መቅበሯን ነገረችው። ለእኔ አልነገረችኝም፤ አልጠየቅኳትማ። እሱ ከቀበሌው ሰዎች ጋር ምንጩን አጠረ፣ ከላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ አስቆፈረ። ይቅርታ ጠይቄው አላውቅም።

ሽማግሌዎቻችን እንደሚያውቁት ይህ ቤት ሲከፈት ሐኪም ሊያስመርቅ አልነበረም። በ1953 እ.ኤ.አ. ወባ ደንቢያ ላይ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 ጎንደር ላይ የተከፈተው ኮሌጅ የሚያሠለጥነው ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ነበር። የሕክምና ትምህርት የተጀመረው በ1978 ነው። እኛ ዘግይተን መጥተን ነው የቤቱ ባለቤት የሆንነው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ምሳ ላይ ስለ ቶሌዶ ነገረችኝ፤ እዚያው ኦሃዮ ኤሪ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት። በነሐሴ 2014 እ.ኤ.አ. ሐይቁ አረንጓዴ ለብሶ መርዙ የቧንቧ ውኃ ውስጥ ገባ። ከ400 ሺህ በላይ ሰው ለሁለት ሦስት ቀን ውኃ አትጠጡ ተባለ። «አንቺ ብትሆኚ ምን ትያቸው ነበር?» አለችኝ። «አፍልታችሁ ጠጡ» አልኩ፣ ሳላስብ። «አክስቴ፣ ሲፈላ እኮ ውኃው ይተናል፣ መርዙ ይቀራል። ይብሳል።»

ከዚያ አስረዳችኝ። መርዙ ጉበት እንደሚጎዳ ባዮሎጂ ይናገራል። አረንጓዴውን የሚመግበው ከማሳ ታጥቦ የሚመጣ ፎስፈረስ መሆኑን ኬሚስትሪ ይናገራል። ገበሬው ማዳበሪያ ለምን አብዝቶ እንደሚጨምር ግን ኢኮኖሚክስ ካልተማርሽ አይገባሽም። የ1972ቱ የአሜሪካ የንጹሕ ውኃ ሕግ ደግሞ የፋብሪካን ቱቦ ፈቃድ አውጣ ሲል ከእርሻ በዝናብ የሚታጠበውን አይጠይቅም፤ ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ ለማወቅ ታሪክና ፖለቲካ ማንበብ አለባት። የምትማረው እነዚህን ሁሉ ነው፤ አንድ ጥያቄ ይዛ ከክፍል ክፍል ትዞራለች።

«ጣናስ?» አለችኝ በመጨረሻ። እምቦጩን ሁላችንም አይተናል። የደንቢያ ዳርቻ ሰው ከሐይቁ ይጠጣል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ከብቱን ያጠጣል። አረንጓዴው አልጌ ጣናም ውስጥ አለ። እኔ የደንቢያ በሽተኛ ስንቱን አይቼ ስለ ሐይቁ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ማታ እህቴ «መከርሻት?» አለችኝ። «መከረችኝ» አልኳት። ተቆጣች፤ እስካሁንም ሙሉ በሙሉ አልታረቀችኝም።

መምህራኖቻችን፣ አንድ ነገር ልለምን። ቲቲፒ ላይ የሕክምና ተማሪው ተመላላሽ ክፍል ብቻ ተቀምጦ አይዋል። ቢያንስ ጥቂት ቀን ከአካባቢ ጤና ተማሪው ጋር ምንጭ ድረስ በእግሩ ይሂድ፣ ውጤቱም ይያዝበት። ውጤት ካልተያዘበት እንደማይሄድ እኛው እናውቃለን።

ልጅቷ በመጪው ክረምት ደንቢያን ልታይ ትመጣለች። ከአካባቢ ጤና ክፍል የሚያስተናግዳት መምህር ካለ ከሻይ በኋላ ያነጋግረኝ፤ በስተግራ ካለው ጠረጴዛ ነኝ።