ስለ ሁለት ጥንቸሎች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተሰጠ ንግግር)



እንደዚህ ባለው በዓል ላይ ተማሪ ሲናገር ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ አገር ፍቅር መናገሩ የተለመደ ነው። እኔ ግን የምናገረው ስለ ጥንቸል ነው። ርእሱን አስቀድሜ የነገርኋቸው ጓደኞቼ ዛሬም ከፊት ተቀምጠው ሲስቁ አያቸዋለሁ። ይሳቁ፤ ለእኔ ግን ነገሩ የሳቅ ብቻ አይደለም፤ ከሁለቱ ጥንቸሎች አንደኛዋን የገደልኋት እኔ ነኝና።

የዛሬ አራት ዓመት፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር ሳለሁ፣ ለዕረፍት ወደ ወግዲ መጥቼ ከብት ስጠብቅ፣ እፍኝ የማትሞላ የዱር ጥንቸል ልጅ በሣር ውስጥ ተኝታ አገኘሁ። ዓይኗ ተገልጧል፤ ጠጉሯም ሙሉ ነበር፤ እናቷ ግን በአካባቢው አልነበረችም። «ጥላት ሄዳለች» ብዬ በጋቢዬ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኋትና የላም ወተት በጨርቅ እየነከርሁ አጠባኋት። በሦስተኛው ቀን ሆዷ ተነፋ፤ በአራተኛው ቀን ጧት ሞታ አገኘኋት። ከሁሉ ይልቅ ዛሬም የሚያሳፍረኝ «አዳንኋት» እያልሁ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ማሳየቴ ነው።

ኋላ የባዮሎጂ መምህራችንን ብጠይቃቸው እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። የዱር ጥንቸል ጉድጓድ አትቆፍርም፤ ልጇን በሣር መካከል ትታ ራቅ ብላ ትውላለች። ይህንም የምታደርገው አውሬ የእርስዋን ሽታ ተከትሎ ወደ ልጇ እንዳይመጣ ነው። ከዚያ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ትመጣና በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ታጠባለች። እንግዲህ እኔ ያነሣኋት ልጅ የተጣለች አልነበረችም፤ እናቷን የምትጠብቅ ነበረች። ያን ዕለት ማታ እናቲቱ መጥታ ሣሩን ስታሸት ይታየኛል።

ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ወደ ሆነው ወደ ደንቆሮ ጫካ የሚመጡ እንግዶች የሚጠይቁት ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ጭላዳ ነው፤ ጥንቸልን የሚጠይቅ አልሰማሁም። ይሁን እንጂ የስታርክ ጥንቸል የምትባለው ዓይነት ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር አትገኝም። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝም በአዋጅ የተከለከለ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሁለተኛይቱ ነጭ ናት። በሰፈራችን ተከራይተው ይኖሩ የነበሩ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከአዲስ አበባ ያመጧት ነበረች። የዛሬ ሁለት ዓመት ወደ ሌላ አገር ሲዛወሩ «ወደ ዘመዶችዋ ትሂድ» ብለው ሜዳ ላይ ለቀቋት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ነገር ግን የቤት ጥንቸል በወግዲ ሜዳ ዘመድ የላትም። የዘርዋ መነሻ በስፔን በኩል ነው፤ ልጆችዋም ዓይናቸው ሳይገለጥና ጠጉር ሳያወጡ በጉድጓድ ውስጥ ይወለዳሉ፤ ከእኛ የዱር ጥንቸል ጋርም አትዋለድም። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታችን ነው ያሳሳተን። ውሾች ከበዋት፣ አንድ ጆሮዋ ተቀዶ፣ ከቁልቋል ሥር አገኘኋት።

የመጀመሪያይቱን አስታውሼ ለማንሣት ፈራሁ። ግን ይህችኛዋ የምትመለስበት ዱር የላትም። በሆለታ አጠገብ «እንስሳ ኮቴ» በሚባለው የቦርን ፍሪ ማዕከል ከሰው እጅ የተወሰዱ አንበሶችና አቦ ሸማኔዎች እንደሚኖሩ አንብቤአለሁ፤ ወደ ዱር መመለስ የማይችለው እዚያው ዕድሜውን ሙሉ ይጦራል። ለጥንቸል ግን እንዲህ ያለ ቤት የት ይገኛል?

አባቴ አንድ ወር ብቻ ፈቀዱልኝ። «አታርስ፣ አትታለብ፤ እንዳትበላም ኦሪት ከልክሏል። ታዲያ ስለ ምን ትቀለባለች?» አሉኝ። እውነትም ኦሪት ዘሌዋውያን ታመሰኳለች ቢልም ከርኩሳን ይቆጥራታል። ጥንቸል እንደ ላም ባታመሰኳም ለስላሳውን በጠጥዋን መልሳ ትበላለችና ምግቧ ሁለት ጊዜ በአፏ ማለፉ እውነት መሆኑን አስረዳሁ። ይህን በምሳ ሰዓት መናገሬ ግን ጉዳዬን አልጠቀመውም።

በዚያ ወር ብዙ ተማርሁ። ጥርሷ ዕድሜዋን ሁሉ ያድጋልና ድርቆሽ ዘወትር ማኘክ አለባት፤ በጆሮዋ አንጠልጥሎ ማንሣት ጉዳት ነው፤ የኋላ እግሮችዋን ደግፎ መያዝ ይገባል። የእናቴን የጌሾ ችግኝ መጨረሷንም አልደብቅም። የሚወስዳት ሰው ፈለግሁ፤ አንዱ ለልጁ መጫወቻ፣ ሌላው ለውሻው ማለማመጃ ጠየቀኝ፤ ለሁለቱም እምቢ አልሁ።

ወሩ ሲያልቅ አያቴ ጠሩኝ። «ልጄ፣ በዱሮ ጊዜ የጡት ልጅ የሚያደርግ ሰው አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ያጠባ ነበር። ከዚያ ወዲያ ልጁ ቢያጠፋም ቢታመምም 'የእኔ አይደለም' አይባልም። አንተ ማሩን አጥብተሃታል ወይስ እንግዳ ናት?» አሉኝ። ወዲያው አልመለስሁላቸውም። የቤት ጥንቸል ስምንትና አሥር ዓመት ልትኖር ትችላለች፤ እኔ ደግሞ ትምህርቴን ስጨርስ ከቤት እንደምወጣ አውቃለሁ። በማግሥቱ «አጥብቻታለሁ» አልኋቸው። «እንግዲያስ ስትሄድ ለማን እንደምትሰጣት ከዛሬ አስብ» አሉኝ።

ይኸውና ፈተናው ደርሷል። ታናሽ እኅቴን አስተምሬአታለሁ፤ እርስዋ ግን ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናትና ሐሳብ አልለቀቀኝም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ወደ ቤት ስገባ አባቴን ከጓሮ አገኘኋቸው፤ ሸለምጥማጥ እንዳይገባ የጥንቸሏን ሣጥን በር በሽቦ ሲያጠብቁ ነበር። በአጠገባቸው አንድ እስር ድርቆሽ ተቀምጧል። ቀና ብለው አዩኝና «ለበጎቹ ያመጣሁት ነው» አሉ።