የመቀነስ ምልክትና የውሃ መንገድ



ጣራ ገዳም በአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ የሚገኝ፣ በገዳሙና በጥንታዊ ደኑ የታወቀ ተራራ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ወረታና ወደ ጣና ሐይቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ግን ዓይን ከፍታውን ከዝቅታው ለመለየት እስኪሳነው ድረስ ለጥ ያለ ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሲሞሉ ከመውረጃቸው ወጥተው ይተኙበታል። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ የውሃን መንገድ የሚወስነው ዓይን ሳይሆን ስሌት ነው፤ በስሌቱም ውስጥ የቁጥሩ ምልክት ከመጠኑ ያላነሰ ኃይል አለው።

ሕጉ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የታወቀ ነው። ምልክታቸው አንድ የሆነ ሁለት ንጥጥር ቁጥሮች ሲካፈሉ ድርሻው አዎንታዊ፣ ምልክታቸው ሲለያይ አሉታዊ ይሆናል፤ በክፍልፋይ ማካፈልም በተገላቢጦሹ ማባዛት ነው። ሕንዳዊው የሂሳብ ሊቅ ብራህማጉፕታ አዎንታዊውን ሀብት፣ አሉታዊውን ዕዳ ብሎ ይህን የምልክት ሕግ በ628 እ.ኤ.አ. ጽፎታል።

ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ማሳ ላይ የተኛው ውሃ ጥልቀት 3/4 ሜትር ነው እንበል። ማሳው እንዲገለጥ የሚያስፈልገው ለውጥ -3/4 ሜትር ይሆናል። ውሃው በየቀኑ 1/40 ሜትር ቢጎድል፣ የዕለቱ ለውጥ -1/40 ነው። -3/4 ለ -1/40 ሲካፈል፣ ይኸውም በ -40 ሲባዛ፣ ድርሻው 30 ቀን ይሆናል። ማካፈል የማባዛት ግልባጭ ነውና፣ 30 በ -1/40 ቢባዛ -3/4ን መልሶ ይሰጣል። ገበሬው በቀሪው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ለመዝራት የሚሰናዳው ይህን ቀን ቆጥሮ ነው። የአካፋዩን ምልክት የዘነጋ ግን -30 ያገኛል፤ ትርጉሙም ውሃው ገና እየሞላ ነው፣ ማሳው ደረቅ የነበረውም ከ30 ቀን በፊት ነው ማለት ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳይ ተዳፋት ነው። አንድ ቀያሽ ከተራራው በኩል ወደ ሐይቁ 1500 ሜትር ተጉዞ መሬቱ በ3/4 ሜትር ዝቅ ማለቱን ቢያገኝ፣ -3/4ን ለ1500 አካፍሎ -1/2000 ይመዘግባል። ሌላው ወደ ምሥራቅ የሚኬደውን ርቀት አዎንታዊ ብሎ ቢነሣ፣ ያው ጉዞ -1500 ስለሚሆን ድርሻው 1/2000 ይመጣል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ መሬቱም አንድ ነው። ስሕተቱ የሚወለደው ሁለቱ ውጤቶች ያለ ማብራሪያ በአንድ ንድፍ ላይ ሲገናኙ ነው። ያን ጊዜ ቦዩ ወደ ሽቅብ ይቀየሳል፤ ውሃውም ተመልሶ ከማሳው ላይ ይተኛል።

እንግዲህ ማንኛውም ንድፍ ከቁጥሮቹ አስቀድሞ ዜሮው ከየት እንደ ተነሣ፣ አዎንታዊውም አቅጣጫ ወዴት እንደ ሆነ ሊያስታውቅ ይገባዋል። በተራራማ አገር የምልክትን ስሕተት ዓይን ወዲያው ያርመዋል። በፎገራ ሜዳ ግን አራሚው ክረምቱ ነው፤ የእርማቱንም ዋጋ የሚከፍለው ገበሬው ነው።