የጤፍ ዕውቀትና የባለ ሀብት መብት
(ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



በኦምዱርማን ሱዳናዊቷ እመቤት የማሽላ ሊጥ በምጣድ ላይ ዘርግታ ኪስራ ስትጋግር፥ ጎረቤቷ ኢትዮጵያዊት የጤፍ እንጀራ ትጋግራለች። የኹለቱም ጥበብ ከእናት ለልጅ የተላለፈ እንጂ በአንድ ሰው ስም በመዝገብ የተጻፈ አይደለም። ታዲያ እንዲህ ያለው ዕውቀት የማን ንብረት ነው?

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የጤፍን ዘር ስለ መጠቀምና ጥቅሙን ስለ መካፈል ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋራ ተዋዋለች። በ2007 የአውሮፓ የፓተንት መሥሪያ ቤት በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ መብት ሰጠ። በ2009 ኩባንያው ከሰረ፤ ኢትዮጵያም ከተስፋው የቀመሰችው እጅግ ጥቂት ሆነ። በ2018 የሔግ ፍርድ ቤት፥ ሥራው ፈጠራ የሚያሰኝ ነገር የለበትም ሲል መብቱን በሆላንድ ምድር ሻረው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ክርክሩ በኹለት ኩባንያዎች መካከል ነበር እንጂ ከሳሿ ኢትዮጵያ አልነበረችም።

የባለ ሀብቱ መብት ግን ብርቱ ጠባቂ አለው። መንግሥታት ስለ መዋዕለ ንዋይ ጥበቃ ከሚዋዋሏቸው ውሎች ብዙዎቹ የፈጠራ መብትንና የንግድ ምልክትን እንደ ፋብሪካ ሁሉ ከባለ ሀብቱ ንብረት ይቈጥሯቸዋል። ስለዚህም ኩባንያው ተበደልሁ ሲል መንግሥትን በዓለም አቀፍ የግልግል ዳኞች ፊት ሊያቆም ይችላል። ፊሊፕ ሞሪስ የተባለው የሲጋራ ኩባንያ በ2010 ኡራጓይን የከሰሰው በዚሁ መንገድ ነው፤ መንግሥቱ ከሲጋራው ፓኮ ገጽ 80 በመቶው የጤና ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ስላዘዘ፥ የንግድ ምልክቴ ተነካ አለ። በ2016 ዳኞቹ ለኡራጓይ ፈረዱ፤ ኩባንያውም ለወጪዋ 7 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አዘዙ። ይሁን እንጂ ስድስት ዓመት መሟገት ለድኻ አገር ቀላል ሸክም አይደለም።

እንግዲህ በወረቀት የሰፈረው መብት አገር ተሻግሮ ይከራከራል፤ በገበሬው እጅና በእናቶች ምጣድ ያለው ዕውቀት ግን ዝም ይላል። ዝምታው የሚፈታ መሆኑን የቡናችን ነገር ያስረዳል፤ ኢትዮጵያ የሐረርን፥ የሲዳሞንና የይርጋ ጨፌን ቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ በ2005 ተነሥታ፥ በ2007 ከስታርባክስ ጋራ ተስማምታለች።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላል አማርኛው። ነገ ውል የሚፈርመው ሹም፥ የውሉንም ቃል የሚመረምረው ጠበቃ ዛሬ በእናንተ ክፍል የተቀመጠው ተማሪ ነው። በጎንደርም ሆነ በኦምዱርማን፥ ተማሪው የአያቱን ጥበብ ጠይቆ በጥንቃቄ ይጻፍ፤ አስቀድሞ ተጽፎ የታወቀ ነገር አዲስ ፈጠራ ነው ሊባል አይችልምና። ሳያነቡ አለመፈረምንም ይማር።